ላሙ መጥቷል

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። መጻፍ የእኔ ነገር አይደለም። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ክፍል ነው። እስካሁንም ‘ሀ’ እና ‘ሐ’ የትኛው የት እንደሚገባ ስለማላውቅ እጄ የመጣለትን ይጽፋል። የሚያስተምረን ደግፌ፣ «ሙሉዬ፣ የምታውቂውን አንድ ሰው ጻፊልኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ጋዜጣ ላይ አወጣዋለሁ» ሲለኝ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሱ ነው። ረጅም ነገር ስጽፍ መሃል ላይ ስለሚደክመኝም አጭር አጭር አደርገዋለሁ።

ሳይጠየቅ የሚያስተምር ሰው የሌለበት ሰፈር በዚህች ዓለም የለም። ካለም ሰው የማይኖርበት ሰፈር ነው። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ታች ሲቀላ ብትሄዱ አለ። ሴቻ ብትወጡ አለ። ዶርዜ ወጥታችሁ ጉም ውስጥ ብትገቡ፣ እዚያም ቆሞ ስለ ጉም ያስተምራችኋል። እንጨት ስትፈልጡ «እንደዚያ አይደለም» ይላል። ፍልጡ ለሁለት ከተከፈለ በኋላም «እንደዚያ አልነበረም» ይላል።

የእኛ ሰፈር መምህር ክቡር ጋሽ ዳልጮ ናቸው። ሥራቸው ሽመና ነው። ትውልዳቸው ዶርዜ ነው። መምህርነቱን ግን ማንም አልሾማቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የያዙት። ባለሱቁን አብዱልመጂድን ስኳር እንዴት እንደሚመዘን አስተምረዋል። ሚስቱን ኸይሪያን ሳሙና እንዴት እንደሚደረደር አስተምረዋል። ቀብር ላይ የሚቆፍሩትን ያስተምራሉ። ዓሣ ስንበላ አጥንቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ያስተምራሉ። አንድ እሑድ ፓስተራችን ጸሎት ሲያስረዝሙ ዓይናቸውን ገልጠው «አሁን አሜን ይበል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የትምህርታቸው ሁሉ መጨረሻ ግን አንድ ነው፤ ፍሬን።

«መሄድማ ማንም ይሄዳል» ይላሉ። «ድንጋይም ቁልቁል ይሄዳል። ሰው የሚባለው ሲቆም ነው።»

ጋሽ ዳልጮ ሞተር ነድተው አያውቁም። ሐሜት አይደለም፤ እሳቸውም አይደብቁም። ነገር ግን ሸማቸውን ተሸክመው በሰው ሞተር ከኋላ ተቀምጠው ከዶርዜ ሲወርዱ ነው የኖሩት። በየመታጠፊያው እሳቸውም ከኋላ ሆነው አየሩን ስለሚረግጡ የቀኝ ጫማቸው ሁልጊዜ ከግራው ቀድሞ ያልቃል። እና ከኋላ የተቀመጠ ሰው ፍሬንን ከነጂው በላይ ያውቃል ባይ ናቸው። ነጂው በእጁ ይይዛል፤ የኋለኛው የሚይዘው በነፍሱ ነው።

የእኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የምሠራው ለሙዝ አምራቾች ማኅበር ነው። በምዕራብ አባያ በኩል ገበሬዎቹ ጋ እየዞርኩ፣ የጭነት መኪናው የሚመጣበትን ቀን እናገራለሁ። ቀኑን ያልሰማ ገበሬ ሙዙን አይቆርጥም። ያልተቆረጠ ሙዝ እዚያው ግንዱ ላይ ቢጫ ይሆናል። ቢጫውን ነጋዴ አይጭነውም። ይህን ሁሉ የምዞረው በእግሬ ነበር። ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ስነክረው ውሃውም ይደክመዋል።

በኋላ ማኅበሩ ሞተር አገኘ። ሊቀመንበሩ ጠራኝና፣ «መንጃ ፈቃድ ካመጣሽ ሞተሩ ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ሞተሩም ሥራውም ለማርቆስ ይሰጣል» አለኝ። ማርቆስ መንጃ ፈቃድ አለው፤ የገበሬዎቹን ደጅ ግን አያውቅም። ክፉ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ባገኘኝ ቁጥር «አይዞሽ፣ ታልፊያለሽ» ይለኛል። ሲለኝ ግን ሞተሩን እያየ ነው።

ማኅበሩ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን እያዋሰኝ መንዳቱን ለመድኩት። ያቃተኝ መቆሙ ነው። ቀስ ብዬ መቆም እችላለሁ፤ የፈተናው ግን ድንገተኛ ነው። ተፈታኙ እየከነፈ ይመጣል፣ ፈታኙ ድንገት ይጮሃል፣ በኖራ የተሰመረውን መስመር ሳያልፉ መቆም ነው። እኔ ደግሞ ስደነግጥ ያገኘሁትን የምጨብጥ ሰው ነኝ። ሞተር ላይ የእጁ ፍሬንም ነዳጁም ያሉት ቀኝ እጅ ላይ ነው። ደንግጦ የጨበጠ ሰው ሁለቱንም ይጨብጥና፣ ቁም ያለው ሞተር ይብስበታል።

ጋሽ ዳልጮ ይህን የሰሙ ዕለት ሽመናቸውን ትተው ተነሱ። እኔ አልጠራኋቸውም። ይህ ይታወቅልኝ።

የምንለማመደው ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ነበር። አርባ ምንጭ ውስጥ ፀሐይ ከከረረች በኋላ የሚማር ሰው የለም፤ የሚያስተምር ብቻ ነው የሚቀረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ጋሽ ዳልጮ በንግግር ሴትና ወንድ አይለዩም። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን ያገኙት ገበያ ነው። ገበያ ዋጋ እንጂ ሴትና ወንድ አያስተምርም። ለእሳቸው ሁሉም ሰው ‘አንተ’ ነው። ሚስታቸውም አንተ ናቸው፣ እኔም አንተ ነኝ። የእኔም አማርኛ የገበያ ነው፤ ግን ‘አንቺ’ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል፣ ‘አንተ’ ሲባል ይተኛል።

የመጀመሪያው ቀን መንገዱ መሃል ቢጫ ጀሪካን አቆሙ።

«ይሄ ሕፃን ልጅ ነው» አሉኝ። «ከዚያ ጫፍ ትመጣለህ። እኔ ‘ያዝ’ ስል ፍሬን ትይዛለህ።»

መጣሁ።

«ያዝ!» አሉ።

ከኋላዬ የሆነ ወንድ ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ሕፃኑ ልጅ ተንከባሎ ቦይ ውስጥ ገባ።

«ገደልከው» አሉ፣ ጀሪካኑን ከቦይ እያወጡ።

«ለእኔ አልመሰለኝም፣ ጋሼ።»

«እዚህ ሌላ ማን አለ?»

ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን ደጋግሜ ገደልኩት። ጀሪካን ስለሆነ አያሳዝንም። ጋሽ ዳልጮም ይህ ገባቸው። «አንተ ለዕቃ አትራራም» አሉኝ። አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ትተውት መጡ። ዱንጉዛቸውን፣ ያን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተዥጎረጎረ የዶርዜ ልብስ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መንገዱ መሃል ቆሙ።

«ላሙ መጥቷል» አሉ።

«የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

አብዱልመጂድ ሱቁ መንገዱ ዳር ስለሆነ ሁሉንም ያያል። በሩን እየከፈተ፣ «ጋሽ ዳልጮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ?» አላቸው።

«ላም።»

«ይታለባሉ? ሱቅ ውስጥ ወተት አልቋል።»

ኸይሪያ ከውስጥ ሆና፣ «ላም እኮ ሴት ናት፣ ጋሽ ዳልጮ። ‘ላሟ መጥታለች’ ነው የሚባለው። ደግሞ ሙሉዬን ‘ያዢ’ ይበሏት እንጂ ‘ያዝ’ ምንድነው?» አለች።

«እኔ ለሙሉዬ አይደለም የምናገረው» አሉ ጋሽ ዳልጮ፣ ከመንገዱ መሃል ሳይነቃነቁ። «ለፍሬኑ ነው። ፍሬን ወንድ ነው።»

ኸይሪያ ራሷን እየነቀነቀች ወደ ሳሙናዋ ተመለሰች።

እንዲህ አድርገው አስተማሩኝ። «እንደ ሌባ አንገት አትነቀው። ማንጎ በስሏል አልበሰለም ብለህ እንደምትነካው ነው። መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠንከር፣ ቀጥሎ በጣም።» ይህ ለእጄ ነው። ለእግሬ ደግሞ ሽመናቸውን አመጡ። «እጅ ሲወረውር እግር ይረግጣል። እጅ ብቻውን ከሠራ ክሩ ይበጠሳል። እግር ብቻውን ከሠራ የሞተሩ ቂጥ ዞሮ ፊትህ ይመጣል።» ለዓይኔም አልቀረ፤ «ላሙን አትየው። ላሙን ካየህ ላሙ ጋ ትሄዳለህ። ከላሙ በስተኋላ ያለውን ሜዳ እይ።»

አንድ ጠዋት የእግሩን ብቻ ረገጥኩና የኋላው ጎማ ሸርተት ብሎ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ። ክርኔ ተላጠ። ጋሽ ዳልጮ ቀስ ብለው፣ ላም እንደሚራመድ እየተራመዱ መጥተው ቁልቁል አዩኝ።

«ጥሩ ወድቀሃል» አሉ። «አሁን ተነሳ።»

በላምነት ብቻም አልቀሩ። ባጃጅ ሆነው ከጎን ሳያዩ ገቡብኝ። አህያ ሆነው መንገዱ መሃል ቆመው አሰቡ። አንድ ቀን የሰከረ ሰው ሆነው ተንገዳገዱ፤ ሲጨርሱ ወደ ሰማይ አይተው «ጌታ ሆይ፣ ለትምህርት ነው» አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው እኮ። ለካ አንዲት እኅት ከሩቅ አይታቸው ኖሮ፣ እሑድ ስማቸው ሳይጠራ ‘ስለ ደከመ ወንድማችን’ ጸሎት ተደረገ። እሳቸውም ማን መሆኑን ሳያውቁ ከሁሉ በላይ ጮኸው አሜን አሉ።

የደከምኩት ግን እኔ ነበርኩ። ጠዋት ላም፣ ቀን ገበሬ፣ ማታ ፊደል። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ» ስላቸው «ላሙ ተነስቶ አንተ ትተኛለህ?» ይሉኛል። ለትልቅ ሰው እምቢ የሚል አፍ የለኝም። ባሌ ክብሩ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «ተኝተሽ ጆሮዬን ጨብጠሽ ነበር፤ እግርሽም ረግጦኛል» አለኝ። ለስለስ አድርጌ ነው ወይ የጨበጥኩህ አልኩት። መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠንከር ነው አለኝ። ትምህርቱ እየገባኝ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

እንዲህ እያለ ‘ያዝ’ የምትለው ቃል ጆሮዬን ትታ በቀጥታ እጄ ውስጥ መግባት ጀመረች። ‘ያ’ ሲሉ ጣቴ ይነሳል፣ ‘ዝ’ን ሳይጨርሱ ሞተሩ ቆሟል። የፊቱ ጎማ ጉልበታቸው አጠገብ ሲደርስ ጋሽ ዳልጮ ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ከቆምኩ በኋላ የምጨፍነው እኔ ነኝ።

የፈተናው ቀንም ማኅበሩ ሞተሩን አውሶኝ ሄድኩ። ፈታኙ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው። አማርኛው እንደ ሬዲዮ የጠራ፣ ሰው አክባሪ። የመጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ሴት እኔ ብቻ። ጋሽ ዳልጮ ዱንጉዛቸውን ለብሰው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ከእኔ በፊት የተፈተኑትን ሁሉ እዚያው ሆነው አስተምረዋል።

ፈታኙ ለእያንዳንዱ ወንድ «ፍሬን ያዝ!» ሲል፣ ቆሜ የምጠብቀው የእኔ ጣት ባዶ አየር ይጨብጣል። ስለዚህ አልፈራሁም። ተራዬ ደረሰ። ነዳጅ ሰጠሁ፣ ከነፍኩ።

«ፍሬን ያዢ!» አለ ፈታኙ።

አንዲት ሴት የሆነ ነገር እንድትይዝ ተነገራት ብዬ አሰብኩ። ማን እንደሆነች ለማየት ቀና አልኩ። ኖራው ከሥሬ አለፈ። የቆምኩት የፈታኙን ወንበር ገፍቼ ነው።

«እኅት፣ አልሰማሽም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልያዝሽም?»

«ለሌላ ሴት መስሎኝ ነው።»

ዙሪያውን አየ። «እዚህ ሌላ ሴት የለችም።»

«አሁን አየሁ» አልኩት።

ወንዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ከምሳ በኋላ ትደግሚያለሽ። ያኔም ኖራውን ከረገጥሽ ግን ለሚቀጥለው ዙር ነው» አለኝ። የሚቀጥለው ዙር ሩቅ ነው። እስከዚያ ሞተሩ የማርቆስ ነው፤ እኔም ተመልሼ የእግሬ ነኝ። ‘ለእኔም ያዝ ይበሉኝ’ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለባለሥልጣን እንዴት ይባላል? ዋጥኩት።

አጥሩ ጋ ሄድኩ።

«በእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «‘ያዢ’ አለኝ። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ‘ያዢ’ ብለውኝ አያውቁም።»

ለትልቅ ሰው እንደዚህ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። ጋሽ ዳልጮ አፋቸውን ከፈቱ። ፍሬን ወንድ ነው ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉት። ዱንጉዛቸውን አጠፉና ባጃጅ ጠርተው ሄዱ።

ላሙም ጥሎኝ ሄደ አልኩ። ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ለምሳ ቋጥሬ ያመጣሁትን የበቆሎ ኩርኩፋ ሳልፈታው አጠገቤ አስቀመጥኩት።

ሰዉ ምሳ በልቶ ሳይጨርስ ባጃጁ ተመለሰ። ጋሽ ዳልጮ ሲወርዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል፣ «ያዢ፣ ልቀቂ፣ ቁሚ። ያዢ፣ ልቀቂ፣ ቁሚ» ነው የሚሉት። ቃሉን ገና ተቀቅሎ እንደወጣ ትኩስ ቦዬ አፋቸው ውስጥ ያገላብጡታል።

«ማን ነገረዎት?»

«ተማርኩ» አሉ፣ እያዩኝም አይደለም። «ሞተሩን አምጣ። አምጪ።»

የት እንደተማሩ በኋላ ኸይሪያ ነገረችኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ዳልጮ ገብተው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ኸይሪያ፣ ለሴት እንዴት ነው የሚባለው? አስተምረኝ» አሏት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ማንንም ምንም ጠይቀው አያውቁም። መንገድ ሲጠፋቸው እንኳ መንገዱን ነው የሚወቅሱት። አብዱልመጂድ ‘አስተምረኝ’ የሚለውን ሲሰማ ሲመዝነው የነበረውን ስኳር ደፋሁት ብሏል። ኸይሪያም ሰዉን አስቁማ፣ አንድ በአንድ እያስደገመች አስተማረቻቸው።

ከአጥሩ ጀርባ ባዶ መንገድ አለ። እዚያ ሄደው መሃሉ ላይ ቆሙ። መጣሁ።

«ያ… ዢ!» አሉ።

እጄ አልሰማም። ጋሽ ዳልጮ ዕድሜያቸው የማይፈቅደውን ዝላይ ዘለሉ።

«ጋሼ፣ ይተዉት፣ እገድልዎታለሁ» አልኳቸው።

«እንደገና» አሉ፣ ከቦይ ውስጥ ሆነው።

ጉልበታቸው ተልጦ ነበር። አቧራቸውን ሳያራግፉ ተመልሰው መሃሉ ላይ ቆሙ። እንደገና መጣሁ። እንደገና። ‘ያዢ’ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ቆመች፣ ቀጥሎ ትከሻዬ ደረሰች፣ በመጨረሻ እጄ ገባች።

ከምሳ በኋላ ፈታኙ «ፍሬን ያዢ!» ሲል እጄ ማንጎ ነካ፣ እግሬ ሽመና ረገጠ። ሞተሩ ቆመ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ኖራው ከጎማው ፊት ሳይነካ ነጭ እንደሆነ ነው።

«አሁን ለአንቺ መሆኑን ሰማሽ» አለኝ ፈታኙ፣ ፈገግ ብሎ። «አልፈሻል።»

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ያ የጋሽ ዳልጮ ድምፅ መጣ። አፋቸውን የሞላው የሴት ቃል ገና አልወጣም ነበር። ጣታቸውን ወደ ፈታኙ ቀስረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጎበዝ ነሽ፣ ተባረኪ» አሉት።

ፈታኙ ዙሪያውን አየ። ሌላ ሴት የፈለገ መሰለኝ።

ወደ ማኅበሩ ስመለስ ማርቆስ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። አሁን የሚያየው እኔን ነው። ያን ቀን ሞተሬን ይዤ ቤቴ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት አልነበረም። ትምህርቱ አልቋል፣ ገበሬ ጋ የምሄደው ከሰዓት ነው። ሰውነቴ ሁሉ ተቀጥቅጧል። ገና በወጉ ሳይነጋ ግን ከውጭ ያንን ሳል ሰማሁ።

«ሙሉዬ፣ ተነሳ። ላሙ መጥቷል።»

ሴትነቴ አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየችው።

ክብሩ ከአንሶላው ሥር ሆኖ፣ «ፈተናው አለቀ በያቸው እንጂ» አለ።

«አንተ ንገራቸው» አልኩት።

አንሶላውን አናቱ ድረስ ሳበ። እሱም አልነገራቸውም።

በመስኮት አየኋቸው። ዱንጉዛቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በተላጠው ጉልበታቸው ትንሽ እያነከሱ መንገዱ መሃል ደረሱና ቆሙ። ወደ አባያ ያያሉ፣ ላም እንደሚያይ። ደክሞኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ደክሞኝ ነበር። ተነስቼ ሞተሩን አስነሳሁ። እስከ መንገዱ ጫፍ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ መጣሁባቸው።

«ያዝ» አሉ።

ያዝኩ።